ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ የተነሣው ፊልም

ጥቅምት 4

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራዎስ? ይህ ወረቀት ወጥቶ እስኪደርስ እርስዎም ቤትዎም ሰላም ሁናችሁ ያግኛችሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በዓይን ሳንተያይ ደፍሬ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ «የአጎቴ ልጅ ውጭ አገር ፊልም ያጥባል፤ ያንቺ ነገር እሱ ካልገባው ለማንም አይገባውም» ትለኝ ነበር። እኔ ፊልም ሠሪ ነኝ። ፊልም ሠሪ ስል ግን ሰው ተሰልፎ ገብቶ የሚያየው ዓይነት አይደለም። ፊልሙን በመርፌ እጭረዋለሁ፣ በቀይ ሥር ጭማቂ እነክረዋለሁ፣ አፈር ውስጥ ቀብሬ አወጣዋለሁ። አክስቴ አንዱን እስከ መጨረሻው ታግሣ አይታ፣ «እሺ፣ ታዲያ ማን ማንን አገባ?» አለችኝ። የሰፈሩ ሰው የካሜራዬን እጀታ ስጠመዝዝ እያየ ሽክርክሪት የሚል ስም አውጥቶልኛል። እርስዎም እንዲያ ቢሉኝ አልከፋም።

የምተዳደረው በማስተማር ነው። ከምኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር አንድ ክፍል ተሰጥቶኝ፣ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤቶቼ ካሜራ አያያዝና ፊልም መቀጠል አሳያለሁ። የማይቀሩት ልብስ ሰፊዋና ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። አሁን አንድ የጋራ ፊልም አስበናል። ከመንገድ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ጣሪያ ላይ ካሜራ ተክለን፣ በየማለዳው የራሳችንን ሕንፃ ጥቂት ጥቂት እናነሣለን። ልብስ ሲሰጣ፣ መስኮት ሲከፈት፣ ጥላ ሲዞር፣ ዓመቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲያልፍ ሰዎቹ ራሳቸው እንዲያዩት ነው። ከጎናችን ደግሞ ለአዲስ ሕንፃ ጉድጓድ መቆፈር ተጀምሯል፤ እሱም ሲያድግ ይታያል ብለናል።

ችግሩ እዚህ ፊልም የሚያጥብ ቤት ተዘግቶ ማለቁ ነው። የተነሣውን ብልክልዎ ያጥቡልን ይሆን? ጥቂት ባዶ የፊልም ጥቅልም ቢልኩልን ውለታዎ አይረሳም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
ሽክርክሪት

ኅዳር 2

ለሽክርክሪት፣ ለማላውቃት ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ከእናትሽ ቤት የመጣ ስለሆነ ሳልከፍተው ቁጭ ብዬ ትንሽ አየሁት። ነፍሷን ይማር፤ የእጅ ጽሕፈትሽ የእሷ ነው።

እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ ምድር ቤት ውስጥ በጨለማ ፊልም ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድሮ የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት ሲመጣ እጄ አይደርቅም ነበር። ዛሬ የሚያመጣው ጥቂት ነው፤ አለቃዬም ሲሰለቸው ይዘጋዋል። ስለዚህ፣ ልጄ፣ የምትልኪውን ከማጠብ የሚያግደኝ ነገር የለም። ባዶ ጥቅሎች ከዚህ ጋር አሉ። ሙቀት እንዳይነካቸው አደራ።

የካሜራው ማቆሚያ ግን እንዳይነቃነቅ ተጠንቀቂ። እንዲህ ያለ ሥራ ካሜራው በጣት ስፋት ከተገፋ ዋጋ የለውም። ስለ ሰፈሩም ጻፊልኝ። ዘመድ ለኔ ከጻፈ ብዙ ጊዜው ነው፤ የሚጽፈውም የሚፈልገውን ተናግሮ ይጨርሳል። አንቺ ስለ አክስትሽ በመጻፍሽ ብቻዬን ሳቅሁ።

ባለሽበት ይጠብቅሽ።
ጋሼሽ

ታኅሣሥ 8

ለተወደዱ ጋሼ፣

ከነሙሉ ጤናዎ እንደሚሆኑ ተስፋ አለኝ። እኛ ደኅና ነን፤ ጥቅሎቹ ደርሰው ክፍሉ በደስታ ተሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንሥተን ልከናል።

ለማቆሚያው አያስቡ። ከተማሪዎቼ አንዱ የሆነ ብየዳ ሠራተኛ የብረት እግር ሠርቶ ከዳቦ ቤቱ ኮንክሪት ጋር አስሮታል። ባለ ዳቦ ቤቷ ተስማምታ የጣሪያውን ቁልፍ ሰጥታናለች፤ በምላሹ በፊልሙ ውስጥ እንድትታይ ትፈልጋለች። «ጀርባዬን ነው እንዴ የምታነሡት?» እያለች በየማለዳው መንገድ ላይ ወጥታ ትቆማለች።

የሾፌሩ ነገር ያስቃል። ክፍላችን ውስጥ ፕሮጀክተሩ የሚጥለው ምስል ዘመም እያለ አስቸግሮን፣ ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፈን አስገባን። ሰንብቶ እንደገና ዘመመ፤ ሌላ ጨመርን። ሾፌሩ፣ «መሪውን ወደ ግራ ያዝ አድርጊው፣ ጎማው አየር ጎድሎታል» ይሉኛል።

የጎረቤቱ ቁፋሮ እየጠለቀ ነው። ውኃ መሳቢያ ሞተሩ ቀንም ሌትም አይቆምም። ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ለምዳው፣ ሲጠፋ ነው የምነቃው ትላለች። የሕንፃው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያገኘኝ ቆብ አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ ክፍሉንም የሰጠን እሱ ነው። ድንገት የሚፈልጉኝ ከሆነ የቢሮውን ስልክ ከታች ጽፌዋለሁ። ሌላ ስልክ በአቅራቢያችን የለም።

አክባሪዎ፣
ሽክርክሪት

ጥር 12

ለሽክርክሪት፣

ደኅና ነሽ ወይ? እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ።

ሁለቱም ጥቅሎች ታጥበዋል። ብርሃን አወሳሰዳችሁ ሸጋ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አንሶላ የምትዘረጋዋ ሴት ስትመጣና ስትሄድ እንደ ወፍ ትመስላለች። አንድ ነገር ግን አለ። መጨረሻው አካባቢ ሕንፃው ወደ ጉድጓዱ በኩል ዘንበል ያለ ይመስላል። ማቆሚያው ላልቶ ይሆናል። ብየዳ ሠራተኛው እንደገና ይየው።

ሌላም ልጽፍ ነበር፤ መጀመሪያ ግን የሚቀጥለውን ጥቅል ልጠብና ልየው። ሳትዘገዪ ላኪው።

ጋሼሽ

የካቲት 6

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ?

ደብዳቤዎን ለተማሪዎቼ ባነብላቸው ብየዳ ሠራተኛው ተቀየመ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ በሁለት እጁ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለበት። ሾፌሩም ተጨመሩ። ንቅንቅ አላለም። «ለዘመድሽ ጻፊለት፤ ዳቦ ቤቱ ካልሄደ ይሄ ካሜራ የትም አይሄድም» አለኝ። እኔም እውነቱን ልንገርዎ፣ ትንሽ ከፍቶኛል። የምሠራውን ሁሉ ሰው ጠማማ ይለዋል፤ አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጌ ባነሣ እርስዎም ጠማማ አሉኝ።

አዲሱ ጥቅል ከዚህ ጋር አለ። ሌላ የሚጻፍ ብዙ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ቤተሰቦች በራቸው አልገጥም ብሎ አናጺ ሁለት ጊዜ ላገላቸው። የደረጃው መስኮት ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀ። ኃላፊው፣ «የበጋ ሙቀት እንጨት ያሳብጣል» ብሎናል። መስተዋቱስ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት።

ሽክርክሪት

የካቲት 27

ሽክርክሪት፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እናደርሳለን። ይህን እንዳነበብሽ ልብስሽን ይዘሽ ከዚያ ሕንፃ ውጪ።

ብየዳ ሠራተኛውን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ካሜራው አልተነቃነቀም። ከምስሉ በግራ በኩል፣ ከመንገዱ ወዲህ አንድ የመብራት ምሰሶ አለ። ሦስቱን ጥቅሎች ቀጥዬ ደጋግሜ አየኋቸው። ምሰሶው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባለበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ምስሎች የሕንፃችሁ ጠርዝና ምሰሶው ተነካክተው ይታያሉ። በመጨረሻዎቹ በመካከላቸው ሰማይ አለ። የሚሄደው ሕንፃው ነው።

እዚህ የማውቀውን አንድ የግንባታ መሐንዲስ ምድር ቤት አውርጄ አሳየሁት። አየና፣ «ሰው ይኖርበታል?» ብቻ አለኝ።

ደብዳቤ ይዘገያል ብዬ በሰጠሽኝ ስልክ ደወልኩ። ኃላፊው ራሱ አነሣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊልሙ እኔ ዘንድ እንዳለም ነገርኩት። በትሕትና ሰምቶኝ፣ «አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ነግሮሽ ከሆነ ይህ ወረቀት ትርፍ ነው። ደስ ይለኛል።

ጋሼሽ

መጋቢት 3

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የላክሁት ጥቅል ደረሰዎ ወይ? ዝም አሉኝ። በጻፍኩት ተቀይመው ከሆነ ይማሩኝ።

እዚህ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ኃላፊው ወደ ክፍላችን መጣ። ቆቡን አላነሣም። ተማሪዎቼ እያሉ፣ «ከዚህ ሕንፃ የተነሣ ፊልም ወደ ውጭ ልከሻል?» አለኝ።

«ለማሳጠብ ነው» አልኩት።

«ስንት ነው? ሌላስ ማን ዘንድ አለ?»

«ምን ነው? ሰው አንሶላ ሲያሰጣ ያነሣነው ነው።»

ዞሮ ወጣ። በማግስቱ ክፍሉ ላይ ሌላ ቁልፍ ተገጥሞበት አገኘነው። ፕሮጀክተሩ፣ መቀጠያው፣ የሠራኋቸው ፊልሞች ሁሉ ውስጥ ቀርተዋል። ካሜራው ብቻ ዳቦ ቤቱ ስለነበር ተረፈ። እሱንም ሊያስነሣ ሄዶ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቷ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጣሪያው የኔ ነው። ዳቦ ልትገዛ ከሆነ ተሰለፍ» ብላ መለሰችው።

ከእርስዎ በቀር ስለዚህ ፊልም ለማንም አልጻፍኩም። ከየት ሰማ? ልብስ ሰፊዋ መምጣት ፈርታለች። በደረጃው ላይ ሳልፍ ጎረቤቶቼ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ምን እንዳጠፋሁ ባውቅ ደግ ነበር።

ሽክርክሪት

መጋቢት 24

ልጄ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። እስካሁን የኔ ደርሶሽ ገብቶሻል። አልነገረሽም ማለት ነው። የነገረው እኔ ነኝ፤ በሩን የዘጋብሽም የኔ ስልክ ነው።

የአንቺ ከተማ ልጅ የሆነች አንዲት ነርስ ነገ ትበራለች። ሦስቱን ጥቅሎች ቀጥዬ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ከእሷ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ። ሰዎቹን ሰብስቢና አሳያቸው። አንቺ አትናገሪ፤ ምሰሶውን እዩ ብቻ በያቸው።

አሁንም እዚያ ውስጥ እንዳትተኚ።

ጋሼሽ

ሚያዝያ 10

ለጋሼ፣

ነርሷ በሰላም ደርሳ ፊልሙን አስረክባኛለች። ይባርካት። እኔ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ዱቄት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው የማድረው።

ፊልሙን ዳቦ ቤቱ ውስጥ አሳየን። ሾፌሩ ከአንድ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ለምነው አመጡ፤ መስኮቶቹን በባዶ የዱቄት ጆንያ ሸፈንናቸው። ከሕንፃው ያልመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ራሳቸውን እያዩ ሳቁ። ባለ ዳቦ ቤቷ ጀርባዋን አይታ፣ «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች። ከዚያ ምሰሶውን እዩ አልኳቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ለቀቅነው። በምሰሶውና በግድግዳው መካከል ሰማይ ሲገባ የሚስቅ ጠፋ።

ኃላፊው ከኋላ ቆሞ ነበር። መብራት ሲበራ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «ይህችን ልጅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ፊልም በመርፌ ትጭራለች፣ ቀለም ትነክራለች፣ ቀጥ ያለውን ጠማማ ታደርጋለች። ሥራዋ ነው። ይሄን ደግሞ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዷ ነው የቀጠለው። በዚህ ቤታችሁን ትለቃላችሁ?»

አክስቴ ሳትቀር ወደኔ ዞራ አየችኝ። ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ያን ዕለት ምስክር ሆኖ ቆመብኝ።

ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው በማግስቱ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። የሦስተኛ ፎቆቹ፣ «እኛ በራችንን እናውቀዋለን» ብለው ቀድመው ወጡ። ያኔ ኃላፊው ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። እናቱን ከሌላ ሰፈር አምጥቶ፣ እኔ በለቀቅሁት ክፍል አስገባት። በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አልጋዋን ራሱ ተሸክሞ። «የማላምንበት ቤት ውስጥ እናቴን አስገባለሁ?» አለ። ይህን አይተው ሁለት ቤተሰቦች ተመለሱ። ክፋት ይሁን ወይ በእውነት አምኖበት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። እኔ እንጃ፣ ያመነበት ይመስለኛል።

ትናንት እሱ በሌለበት ወደ አሮጊቷ ሄድኩ። ቀጭን፣ ንጹሕ ሴት ናቸው። አልጋዬ በነበረበት ቦታ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ እባክዎ ይውጡ። ይሄ ቤት አይታመንም።»

«ግድግዳው ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ ልጄ። ጆሮዬ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ለምን ይቀመጣሉ?»

በጣም ቀስ ብለው መለሱልኝ። «እኔ ከወጣሁ ልጄ በሰው ፊት ውሸታም ሆነ ማለት ነው።»

እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸው ነበር? አሁን የምለምንዎ ፊልምም ሌላም አይደለም፤ ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

በየማለዳው ማንሣታችንን አላቋረጥንም። ልብስ ሰፊዋም ተመልሳለች።

ሽክርክሪት

ግንቦት 1

ልጄ፣

ለጠየቅሽኝ መልስ ስፈልግ ሰነበትኩ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። በመጨረሻ ልጽፍልሽ ያሰብኩት፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለልጁ ንገሪው የሚል ነበር፤ እናትህ እያወቀች ነው የተቀመጠችው በይው።

ይህን ልልክ ስል ዛሬ ጠዋት እሽግ ደረሰኝ። ደብዳቤ የለበትም። አንድ ጥቅል ፊልም ብቻ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የአንቺ ባልሆነ ጽሕፈት «ሳይጠየቁ አይጠቡ» ይላል።

ምን ሆናችሁ? ፊልሙን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አልነካሁትም። አንድ መስመር ጻፊልኝ። ደኅና ነኝ የምትል ትሁን።

ጋሼሽ

ግንቦት 20

ለጋሼ፣

ደኅና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ።

ሕንፃው ወድቋል። ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ነው የወደቀው፤ ስለዚህ ለልጁ የምነግረው ጊዜ አልነበረኝም።

ከዋዜማው ጀምሮ ከባድ ዝናብ ነበር። ንጋት ላይ ደረጃው ሲሰነጠቅ የተመለሱት ሁለቱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አቅፈው ሮጠው ወጡ። «እማማስ?» ብንላቸው፣ «በራቸውን አንኳኩተናል፤ ‹መጣሁ› እያሉ ነው» አሉን። ሾፌሩና እኔ ወደ በሩ ተሻገርን። የዳቦ ተሰላፊዎች ያዙን። ሾፌሩን አንድ ጎረምሳ በወገባቸው ነው የያዛቸው፤ እኔን ባለ ዳቦ ቤቷ። ያ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያን ጠዋት አይሠራም ነበር፤ ጉድጓዱ ጎርፍ ሞልቶት ቆሞ ነበር። ጸጥታው ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ጉድጓዱ ሄደ። አወዳደቁ እንደማስበው አልነበረም፤ ሰው ደክሞት እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጠው። አቧራው ሲነሣ መንገዱ ጠፋ።

እሳቸው ብቻ ናቸው ያልወጡት። ሲገኙ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት የሚቻል አልነበረም። ይቅር ይበላቸው።

ያን ዕለት ጣሪያው ላይ ተራው የልብስ ሰፊዋ ነበር። ጥቂት አንሥታ መውረድ ሲገባት ጣቷ ከካሜራው ቁልፍ ላይ አልነሣ ብሏት ጥቅሉን እስከ ማለቂያው አሂዳዋለች። ምን እንዳየች አትነግረንም፤ አቧራ ነው ያየሁት ትላለች። የላከችው እሷ ናት። ቤቷ ልታስቀምጠው አልቻለችም።

ኃላፊው ትናንት ወደ ዳቦ ቤቱ መጣ። ጺሙ አድጎ፣ ጫማው ሳይታሰር።

«ያን ዕለት አንሥታችኋል አሉ» አለኝ።

«አንሥተናል። አልታጠበም።»

«ማየት አለብኝ።»

«ምን ይጠቅምሃል? ተወው።»

«እስከ መጨረሻው አምናኝ ነው የተቀመጠችው? ይሄን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

እናቱ የነገሩኝ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እንዴት ብዬ ልንገረው? ሲወጣ ባለ ዳቦ ቤቷ አንድ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። ይዞት ሄደ።

ይጠቡት፣ ጋሼ። መጀመሪያ እርስዎ ይዩት። ከዚያ የሚሆነውን ይንገሩኝ።

ሽክርክሪት

ሰኔ 8

ለሽክርክሪት፣ ለልጄ፣

ፈጣሪ ላንቺም ለጎረቤቶችሽም መጽናናቱን ይስጥ።

አጥቤዋለሁ። ሌላ ሠራተኛ እንዳያየው እሑድ ብቻዬን ገብቼ ነው ያጠብኩት። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲወጡ ይታያሉ። አንቺም ትታያለሽ፤ ሰው ይዞሻል። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ በሩ ባዶ ነው። ቀጥሎ አሮጊቷ ከውስጥ ብቅ አሉ። ነጭ ልብስ ለብሰዋል፣ በብብታቸው ትንሽ ጓዝ ይዘዋል። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልደገፋቸውም። ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ነበር፤ አንቺም እንደዚያው። እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ደረሱ። እዚያ ቆሙ። ጓዙን መሬት አስቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሡ፤ ሻሻቸውን ያስተካክሉ ነበር። ወደ መንገድ፣ ወደ ሰው ፊት እንደሚወጣ ሰው። ከዚያ በኋላ ያለው ልብስ ሰፊዋ እንዳለችው አቧራ ነው።

እየወጡ ነበር፣ ልጄ። ልጁ እስከ መጨረሻው አምናኝ ነበር ወይ ላለሽ፣ ፊልሙ የሚመልስለት ይህን ያህል ነው። ይህ ለእሱ እፎይታ ይሁን ወይ የከፋ ነገር፣ ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ውዬ አላወቅሁትም። ፊቱን ያየሽው አንቺ ነሽ።

ፊልሙን በፖስታ አልልከውም፤ ለነርስም አልሰጥም። አለቃዬ ቤቱን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እዚህ የሚያስቀምጠኝ ሥራ የለኝም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ። እስክመጣ ጠብቀኝ በይው። ብቻውን እንዳያየው።

ጋሼሽ